መስኮት ያለው ካርድ

ባለፈው ሳምንት ወጌን ያቋረጥኩት ሮዌና ታኬት የጨረታ ካታሎጉን ባንኮኒዬ ላይ ወርውራ፣ በሩን መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ዘግታ ስትወጣ ነበር። ያን ዕለት ያልነበራችሁም ግድ የለም፤ ተቀመጡ፣ ከመነሻው በአጭሩ እነግራችኋለሁ።

ቨርና ፖልማን እባላለሁ። ሳንደስኪ ውስጥ፣ ኮሎምበስ ጎዳና ላይ የቤዝቦል ካርድ እሸጣለሁ። ድሮ ካርድ ማለት የተጫዋች ፎቶ ያለበት ወረቀት ነበር፤ ልጆች ብስክሌታቸው ጎማ ላይ ይሰኩታል፣ ያበቃል። በኋላ ግን አምራቾቹን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ካርዱን አወፍረው፣ መሃሉን መስኮት ቀድደው ዕቃ መክተት ጀመሩ። የተሰበረ ዱላ ስንጣሪ፣ የፈረሰ ስታዲየም የወንበር እንጨት፣ አንዴማ የደረቀ ጥንዚዛ፣ አንዴ ደግሞ የሞተ ፕሬዚዳንት ፀጉር ነው የተባለ ነገር! ደንበኛዬ ሃንክ ዲትሪክ፣ የእሳት አደጋው ሃንክ፣ የሜዳ አፈር ያለባቸው አርባ ካርዶች አሉት። ሚስቱ "ለአፈርማ ግቢያችን ምን አነሰው?" ትለዋለች። ከሁሉ የሚበዛው ግን የማሊያ ቁራጭ ነው። ተጫዋቹ የለበሰው ማሊያ ይገዛል፣ ይቆራረጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በየካርዱ መስኮት ይገባል። ጀርባው ላይ "ይህ ጨርቅ እውነተኛ መሆኑን እናረጋግጣለን" ተብሎ ይጻፋል፤ የኛ ሰው፣ ካርድ ሰብሳቢው ማለቴ ነው፣ የሚምለው በዚያች ጽሑፍ ነው።

የሮዌና አባት ዴል ታኬት ግራኝ ኳስ ወርዋሪ ነበር። በትልቁ ሊግ የተጫወተው አንድ በጋ፣ አሥራ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ከዚያ ክንዱ እምቢ አለውና ከተማችን ተመልሶ የጀልባ ሞተር ሲጠግን ኖረ። በታመመበት ክረምት ሚስቱ ጆሊን ማሊያውን ለሚስተር ኮንራድ ቫንደርሆፍ ሸጠችላቸው። ቫንደርሆፍ ጨረታ ቤት አላቸው፤ ሐይቁ ዳር ያለው ትልቁ ነጭ ቤትም የሳቸው ነው። "መስታወት ውስጥ ይቀመጣል፣ ሰው ያየዋል" ብለዋት ነበር። ዴል ባረፈ በስድስተኛው ወር ማሊያው ተቆራርጦ፣ ደረቱ ብቻ ተራ ቁጥር በተሰጣቸው ስልሳ ካርዶች ውስጥ ገብቶ ወጣ።

ሮዌና ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እናቷ አንድ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ ሳትነሳ ስትቀር ልጅቱ እኔ ዘንድ መጣችና "ሁሉንም ሰብስቤ መልሼ እሰፋዋለሁ" አለችኝ። ሳቅኩባት። እሷ ግን አሁን ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፣ መዝናኛ ፓርኩ ውስጥ የተቀደደ የትርዒት ልብስ እየጠገነች ሃምሳ ስምንቱን ሰብስባለች። አንዱ ኦሳካ የሚኖሩ ሽማግሌ እጅ ነው፤ በየዘመን መለወጫው "መልካም አዲስ ዓመት፣ አልሸጥም" ብለው ይጽፉላታል። ሌላው፣ ቁጥር ሰባት፣ ያለው ኤሊስ ቫንደርሆፍ እጅ ነው። የሚስተር ኮንራድ አንድያ ልጅ!

ቁጥር ሰባት የወጣው እዚሁ ሱቄ ውስጥ ነው። ኤሊስ አሥራ ሰባት ዓመቱ ሳለ አንድ እሽግ ገዝቶ እፊቴ ሲቀደው ብቅ አለ። ሮዌና እዚያው ቆማ ነበር። "አሥራ አራት ካርድ ልስጥህና ቀይረኝ" አለችው። ካርዱን አየ፣ እሷን አየ፣ ጆሮው ቀላ። "አልቀይርም" አላት። ከዚያ ወዲህ ለአሥር ዓመት፣ በየሐሙሱ፣ እሷ መርፌ ኮቷ ኮሌታ ላይ እንደሰካች፣ እሱ የተወለወለ ጫማውን እንዳደረገ፣ ባንኮኒዬ ፊት ይጨቃጨቃሉ። ጠብ ነው ካሏችሁ እንዳታምኑ። ጭቅጭቁ ሲያልቅ አንድ የዓሣ ሳንድዊች ለሁለት ይበላሉ፤ ባለፈው ክረምትም በረዶ ላይ እጇን ይዞ ሲያሻግራት በመስኮት አይቻለሁ። ወደ ማዶው ሲደርሱም እጇን አልለቀቀም።

እና ካታሎጉ መጣ። ቁጥር ሰባት በሙሉ ገጽ፣ "በሚያዝያው ጨረታ የሚቀርብ" ተብሎ። ሮዌና ያንን ነው ባንኮኒዬ ላይ የወረወረችው። "ቫንደርሆፍ ቫንደርሆፍ ነው፣ እትዬ ቨርና። የሚያቅፉትም የሚቆርጡትም በአንድ እጅ ነው" ብላ ሄደች።

*

በሳምንቱ ሐሙስ በስሟ አንድ ፖስታ መጣ። እሷና እናቷ የሚኖሩት ከልብስ ማጠቢያው ቤት ፎቅ ላይ ስለሆነና ደረጃው ላይ የተቀመጠ ዕቃ እግር ስለሚያወጣ፣ የሷ ፖስታ የሚመጣው በኔ አድራሻ ነው።

"ጽሑፉ የሱ ነው" አለች። ልትከፍተው ፈልጋለች፤ መፈለጓን ደግሞ ጠልታዋለች። ፊቷ ላይ ሁለቱም ይታያሉ።

"ልክፈትልሽ?"

"ክፈቺው። እኔ ምን አገባኝ።"

የኛ ሰው ካርድ ሲልክ እንደ እንቁላል ነው የሚያሽገው። ካርዱ ስስ ላስቲክ ውስጥ፣ ላስቲኩ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ፕላስቲኩ በካርቶኖች መሃል ሆኖ ዙሪያውን በፕላስተር ይታሰራል። ካርቶን ደግሞ አይጣልም፤ ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል። ከላይ የነበሩትን ሁለት ካርቶኖች እርስ በርስ እንደተጣበቁ አነሳሁና ባንኮኒው ሥር ካለው ሣጥን ጨመርኳቸው። እጄ ለምዶ ነው፤ አላየኋቸውም እንኳ።

ፕላስቲኩን ሰጠኋት። ውስጡ ካርድ የለም። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ጨርቅ ብቻ።

"ካርዱስ?" ፖስታውን ገልብጣ አራገፈችው። "ጨርቅ ብቻ? ደብዳቤ እንኳ የለውም?"

"የለም፣ የኔ ልጅ።"

ጨርቁን ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ጠርዙ ላይ ሦስት ጥቃቅን ሰማያዊ ስፌቶች ነበሩበት። የደስታ እልልታ የጠበቅኩት እኔ ሞኟ ነኝ፤ ፊቷ አመድ ሆነ።

"ይሄን ካርድ አሥር ዓመት አይቼዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "መስኮቱ ውስጥ የነበረው ነጭ ነው። ሰማያዊ ክር የሚባል የለበትም። ክር ያለው የኔ ቁጥር ስምንት ላይ ነው። እማዬ የሰፋችው። እሱ ደግሞ የኔን ቁጥር ስምንት መቶ ጊዜ አገላብጦ አይቶታል።"

"እና?"

"እናማ ካርዱን ለጨረታው አስቀርቶ፣ ለኔ ከየትም ያገኘውን ነጭ ጨርቅ በሰማያዊ ክር አሰፍቶ ላከልኝ። ክሩን ስታይ አልቅሳ ዝም ትላለች ብሎ። ካርድ የሌለው ቁራጭ ጨርቅ ነው፣ እትዬ ቨርና! የአባቴ ይሁን የማን ምን ምስክር አለው?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አፌን ይቁረጠውና "እውነትሽን ነው፣ ካርድ የሌለው ነገር አይታመንም" አልኩ። ሠላሳ ዓመት ካርድ የሸጠ ሰው ሌላ ምን ይላል? ጨርቁን ኪሷ ከተተችውና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ካታሎጉን ያየች ቀን ተናዳ ነበር፤ ዛሬ ግን አፍራ ነው የወጣችው፤ ያ ባሰብኝ።

*

ቅዳሜ በእሳት አደጋው አዳራሽ የካርድ ገበያ ነበር። በየዓመቱ መጋቢት ውስጥ ነው፤ የኛ ሰው ጠረጴዛ ዘርግቶ ይገበያያል፣ እሳት አደጋዎቹ ዓሣና ድንች ይጠብሳሉ። እኔ ርካሽ ካርዶቼን በሣጥን ደርድሬ፣ ከሱቅ ካመጣሁት አሮጌ ካርቶን አንዱን መዝዤ በወፍራም እስክሪብቶ "የፈለጋችሁት በአንድ ዶላር" ብዬ ጻፍኩና ጠረጴዛዬ ፊት አቆምኩት።

የኤሊስ ጠረጴዛ ከኔ ፊት ለፊት፣ ካባቱ ጎን ነበር። አጠገቡ አንድ ባዶ ወንበር ዘርግቷል። ሰው ሊቀመጥ ሲል "ይቅርታ፣ ተይዟል" ይላል። ዓይኑ በሩ ላይ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ይልና ተመልሶ ይቀመጣል። ሃንክ አይቶት "የዚህ ልጅ ወንበር ላይ እሾህ አለ እንዴ?" አለኝ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሮዌና ገባች። ኮቷን እንደቆለፈች፣ ግራ ቀኝ ሳታይ፣ በሰው መሃል ቀጥ ብላ ወደሱ ሄደች። የኤሊስ ፊት እንዴት እንደበራ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ወንበሩን ሳበላት።

አልተቀመጠችም። ጨርቁን ከነፕላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው።

"ይኸው ዕቃህ። ቆጥረህ ተረከብ።"

ኤሊስ ጨርቁን አየ። ቀና ብሎ አያት። የበራው ፊቱ ቀስ በቀስ ሲጨልም ቆሜ አየሁ።

"መልስሽ ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው!"

"እርግጠኛ ነሽ፣ ሮዊ?"

"ሮዊ አትበለኝ። ሮዊ የሚሉኝ የማይዋሹኝ ሰዎች ናቸው።"

 "እሺ" አለ። "እንደማልጨቀጭቅሽ ቃል ገብቻለሁ። ቃሌን እጠብቃለሁ።"

እሷ ልመናውን፣ ክርክሩን፣ ቢያንስ ውሸቱን ጠብቃ ነበር መሰለኝ፤ ይህ "እሺ" ግን ከጠበቀችው ውስጥ አልነበረም። ከንፈሯን ነክሳ ዞር አለችና ወጣች። ኤሊስ ወንበሩን አጠፈው። ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

ሚስተር ቫንደርሆፍ ወደ ልጁ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለዚህ ነው ያን የመሰለ ካርድ የቀደድከው?" ሲሉት ሰማሁ።

ቀደደ? የያዝኩት ሳንድዊች እጄ ላይ ቀረ። ካርዱን ቀድዶ ከሆነ ጨረታ የሚባል ነገር የለም። ደግሞስ "መልስሽ" ያላት ለምን ጥያቄ ነው? "ቃል ገብቻለሁ" ያለውስ የት ላይ? ጠረጴዛዬን ትቼ ተሻገርኩ።

"አንተ ልጅ፣ ደብዳቤ ጽፈህላት ነበር?"

"አንብባዋለች፣ እትዬ ቨርና። ተዪው በቃ።"

"የት አድርገኸው?"

"ከላይ ባሉት ሁለት ካርቶኖች መሃል።"

ዞር ብዬ ጠረጴዛዬን አየሁ። "የፈለጋችሁት በአንድ ዶላር" ይላል፤ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ሁለት በፕላስተር የተጣበቁ ካርቶኖች ላይ። የሰው ልብ ከጠዋት ጀምሮ ሕዝብ ፊት አቁሜ በዶላር ስቸረችር ውያለሁ! ካርቶኑን መንጭቄ ወደ በሩ ስሮጥ አንዱ "ምልክቱን ወዴት ነው? አሁንም ዶላር ነው እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ምን እንዳልኩት እዚህ አይነገርም።

*

ጆሊን ታኬት ከስፌት መኪናዋ ኋላ ነበረች፤ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። ሮዌና መስኮቱ ጋ ቆማ መንገዱን ታያለች፤ ኮቷን አላወለቀችም።

"ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ" አልኩ ገና በሩ ላይ፤ ደረጃው ትንፋሼን ጨርሶታል። "እሱ አይደለም። እኔ ነኝ፣ እኔና ይሄ የተረገመ ካርቶን።"

ፕላስተሩን ጆሊን በመቀሷ ቀደደችው። ከመሃሉ አንድ የታጠፈ ወረቀትና ቁጥር ሰባት ወጡ። ካርዱ ላይ ዴል ታኬት እግሩን አንስቶ ሊወረውር ሲል ይታያል፤ ከጎኑ፣ ጨርቁ የነበረበት ቦታ፣ ባዶ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው። ሮዌና ደብዳቤውን አነበበችው፤ መሃል ላይ ድምፅዋ ሲከዳት እኔ ተቀበልኳት።

"ሮዊ፣

ካታሎጉ ላይ ያወጣው አባቴ ነው። ካርዱ ካዝናው ውስጥ ስለነበር ሳይጠይቀኝ ፎቶ አነሳው። ይህን በአፌ ብነግርሽ 'ቫንደርሆፍ ነህ' ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው፣ ነኝ። ስለዚህ ወሬውን ትቼ ካርዱን ቀደድኩት። ከእንግዲህ ማንም ሊሸጠው፣ ማንም ሊገዛው አይችልም። ካንቺና ከእናትሽ በቀር ለማንም ዋጋ የለውም። የፈለግኩትም እንዲህ እንዲሆን ነው።

ስቀደው ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። ከመስኮቱ ጠርዝ ሥር ሦስት ሰማያዊ ስፌቶች ተደብቀው ነበር። አሥር ዓመት ይዤው አላየኋቸውም። የቁጥር ስምንትሽ ጎረቤት ይመስለኛል።

አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ያን ቀን አሥራ አራት ካርድ ስትሰጪኝ እምቢ ያልኩት ካርዱን ወድጄው አይደለም። ብሰጥሽ ኖሮ በሚቀጥለው ሐሙስ ምን ብለሽ ትመጪያለሽ? አንዱ ሐሙስ ሁለት ሆነ፣ ከዚያም አሥር ዓመት። የአባትሽን ማሊያ አንቺን መጥሪያ አደረግኩት። ይህ ካባቴ ሥራ የተሻለ እንዳልሆነ ጨርቁን ከካርዱ ሳወጣ ገባኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዬ አጠገብ ባዶ ወንበር ይኖራል። ይቅር ካልሽኝ ነይና ተቀመጪ። ካላልሽኝ ግን ጨርቁ ያንቺ ነው፣ ዳግም አልጨቀጭቅሽም።

ኤሊስ"

ሮዌና መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ወንበር ሳበልኝ" አለች። "እትዬ ቨርና፣ ወንበሩን ሳበልኝ እኮ! እኔ ደግሞ ዕቃህን ቁጠር አልኩት።"

ጆሊን ባዶውን ካርድ በጣቷ ትዳስሳለች። ባሏ ማሊያ ሲነሳ ክፍሉን ጥላ የምትወጣ ሴት ናት፤ አሁን ግን ተናገረች።

"የመጀመሪያ ጨዋታው ቀን ያደሉት ማሊያ ደረቱ ላይ ተቀድዶ ነበር። ሰው የተወው አሮጌ ማሊያ ነው። መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ መኪናችን ላይ ተቀምጬ ነው የሰፋሁት። ነጭ ክር አልነበረኝም። 'ሰማያዊ አይገጥምም' አለኝ። 'ዝም በል፣ ሰው የሚያየው ኳሱን ነው' አልኩት።" ሳቀች፤ አሥር ዓመት ሙሉ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም። "ጨርቁን ሄጄ ልየው። ስፌቴን ከጀርባው አውቀዋለሁ። ነው ወይ አይደለም እልሻለሁ።"

"አይሆንም፣ እማዬ።" ሮዌና ተነሳች። "አንቺ አይተሽ ከመሰከርሽለትማ እኔ ምኑን አመንኩት?"

 ጆሊን መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ ሰካች፣ ከመሳቢያው አንድ የክር ጥቅል አንስታ ኪሷ ከተተችና ኮቷን ከመስቀያው አውርዳ ለበሰች። አሥር ዓመት ካርድ የሚገበያዩበት ቤት ረግጣ አታውቅም ነበር።

*

አዳራሹ ስንደርስ ገበያው እየተበተነ ነው። ጠረጴዛ ይታጠፋል፣ ሣጥን ይጫናል። ኤሊስ ዕቃውን ጨርሶ ከቷል፤ ጠረጴዛው ላይ የቀረችው ያቺ ጨርቅ ብቻ ናት። ትቷት መሄድ አልሆነለትም፣ ይዟትም መሄድ።

ሮዌና አልጠራችውም። ግድግዳው ጋ ሄደች፣ የተደገፈውን ወንበር አነሳች፣ ዘረጋችው፣ ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጣ ቁጭ አለች።

ኤሊስ እንደቆመ ቀረ።

"ወንበሩን ለምን አጠፍከው?" አለችው።

"መልስሽን ሰጥተሽኝ ነበር እኮ።"

"ጥያቄው ገና አሁን ነው የደረሰኝ። እትዬ ቨርና በአንድ ዶላር ልትሸጠው ነበር።"

ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑ ሞላ፤ እጁን ከፊቱ ላይ ሳያነሳ ቆየ። እሷ ክንዱን ይዛ እስኪረጋጋ ጠበቀችው።

ከዚያ ከቦርሳዋ ቁጥር ስምንትን አወጣች። አንድ ቀን እንኳ ከላስቲኩ አውጥታው የማታውቀውን ካርድ በባዶ እጇ ያዘችና "ምላጭ ያለው?" አለች።

 የኛ ሰው ፊት "ምላጭ" ማለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ መሳደብ ነው።

"ኧረ በእግዜር! ኧረ ተይ ልጄ!" ሃንክ ያንን አፈሩን ጥሎ መጣ። "ከቀደድሽው እኮ የሚመሰክርልሽ የለም! በምን ታውቂያለሽ? ያኛው ሌላ ጨርቅ ቢሆንስ?"

ሚስተር ቫንደርሆፍ ከጎን ተነሱ። ማጉያ መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተዋል። "ፈቃድሽ ከሆነ እኔ ልየው፣ ሮዌና" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። "አንድ ደቂቃ ነው። ልጄም ቢሆን እውነቱን እነግርሻለሁ።"

"አመሰግናለሁ፣ ሚስተር ቫንደርሆፍ። አያስፈልግም።"

"ታዲያ በምን ታውቂያለሽ?" አለ ሃንክ ሊያለቅስ ምንም ባልቀረው ድምፅ።

ሮዌና ኤሊስን አየችው።

"ነግሮኛል" አለች።

ምላጩን ራሴ ሰጠኋት። ሠላሳ ዓመት ካርድ ከጭረት የጠበቅኩት ሴት! ሮዌና የመስኮቱን ጠርዝ ዙሪያውን ቀደደች፤ የልብስ ሰፊ እጅ ነውና አንድ ክር አልነካችም። ጨርቁን አውጥታ በጀርባው ገልብጣ ከኤሊስ ጨርቅ አጠገብ አስጠጋችው።

 በአንዱ ጨርቅ ጀርባ ላይ የጀመረው ሰማያዊ ክር ጠርዙ ጋ ተቆርጦ፣ በሌላው ጨርቅ ጠርዝ ላይ ከዚያው ቦታ ይቀጥላል። ተዳፋት የሚወርድ አንድ መስመር ነው፤ በመጨረሻው ላይ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያነሰች ቋጠሮ አለች። የቁጥር ስምንትን ጀርባ ካርዱ ውስጥ ከታሸገ ወዲህ ያየው ሰው የለም፤ ማንም ሊያስመስለው አይችልም።

ጆሊን ጣቷን ቋጠሮው ላይ አሳረፈች።

"ሁለቴ ነው የማስረው" አለች። "እንዳይፈታበት ብዬ።"

ከዚያ አለቀሰች። እዚያው ቁጭ አለችና፣ እያለቀሰች፣ ክሩን ልትሰካ መርፌዋን አነሳች። በእንባዋ ቀዳዳው አልታይ አላት። ሚስተር ቫንደርሆፍ የጠረጴዛ መብራታቸውን አምጥተው አጠገቧ አበሩላት፤ ማጉያ መነጽራቸውንም በመርፌው ቀዳዳ ላይ ያዙላት።

"ጆሊን፣ ይቆርጡታል ብዬ አልነገርኩሽም" አሉ። "አውቅ ነበር። ብነግርሽ እንደማትሸጪልኝም አውቅ ነበር።"

"እኔም ሳልጠይቅህ ቀረሁ" አለች ጆሊን። ክሩ ገባ። "መብራቱን ትንሽ ወደዚህ።"

ሁለቱ ልጆች ስፌቱን አላዩም። ሮዌና የቁጥር ሰባትን ባዶ ካርድ አንስታ በቀዳዳው ኤሊስን ታየዋለች፤ እሱም ቁጥር ስምንትን አንስቶ በዚያኛው ቀዳዳ ያያታል። አሥር ዓመት ነጭ ጨርቅ ብቻ ያሳይ የነበረው መስኮት ውስጥ አሁን አንድ ቡናማ ዓይን አለ።

ኤሊስ ካርዱን ዝቅ አደረገ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ሄዶ የዚያ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ ፍርሃት ተመልሶበታል፤ ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል።

"አሁን ያንቺ የሆነ ነገር እኔ ጋ የለም" አላት። "አንድም። ... ሐሙስ ትመጪያለሽ?"

ሮዌናም የያዘችውን ካርድ ዝቅ አደረገች።

"ሐሙስን ብቻ ነው የምትፈልገኝ?" አለችው።

ካርቶኔን አቅፌ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ ሴትዮዋ አለቀሰች እንዳይሉኝ።